እጁ የታሰረ ሰው፦ በሽምቅ ውጊያ ስለሚያዙ ሰዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአክስቴ ልጅ የአሜሪካ ጦር ወታደር ነው። ባለፈው ለእረፍት መጥቶ ቡና ላይ ተቀምጠን ሳለ አንዲት ጎረቤታችን "አንተዬ፣ መንገድ ላይ ፈንጂ የቀበረውን ሰውዬ ስትይዙት ምንም አታደርጉትም?" አለችው። እሱም "እጁን ካሰርኩት በኋላ እኮ ኃላፊነቱ የኔ ነው። ብርድ ቢመታው እንኳ የምጠየቀው እኔ ነኝ" ብሎ መለሰላት። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። ሦስተኛው ስኒ እስኪደርስ ክርክሩ አላባራም።

ከዚያ ወዲህ ያንኑ ጥያቄ ብዙ ሰው በተለያየ መልክ አቅርቦልኛል። መልሶቼን እዚህ ሰብስቤያለሁ። ምሳሌዎቼን በብዛት የወሰድኩት ከኢራቅና ከአፍጋኒስታን ነው። እዚያ የሆነው በፍርድ ቤትና በይፋዊ ምርመራ ተጣርቶ ለሕዝብ ወጥቷል። ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሽምቅ ተዋጊ የጦር ምርኮኛ ይባላል?

አብዛኛውን ጊዜ አይባልም። "የጦር ምርኮኛ" በሕግ ትልቅ ማዕረግ ነው። በሁለት አገሮች መካከል በሚደረግ ጦርነት ለተያዘ ወታደር የሚሰጥ ነው። ምርኮኛ ስለተዋጋ ብቻ አይከሰስም፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ አገሩ ይመለሳል። በአገር ውስጥ ጦርነት መንግሥትን የሚወጋ አማፂ ግን ይህ ከለላ የለውም። ተይዞ ሊከሰስ፣ ሊፈረድበት ይችላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። "ምርኮኛ ካልሆነ ሕግ አይጠብቀውም" ይላል። መከሰሱ ሌላ፣ መደብደቡ ሌላ።

ታዲያ የትኛው ሕግ ነው የሚጠብቀው?

በ1949 የጸደቁት የጄኔቫ ስምምነቶች አራት ናቸው። አራቱም አንድ ዓይነት ሦስተኛ አንቀጽ አላቸው። ስለዚህ "የጋራ አንቀጽ 3" ይባላል። አንዲት ገጽ የማትሞላ አንቀጽ ናት። መሣሪያውን የጣለ፣ የቆሰለ፣ የታመመ ወይም የተያዘ ሰው ሁሉ በሰብዓዊነት ይያዝ ትላለች። መግደል፣ ማሰቃየት፣ ሰው በመያዣነት ማገት፣ ክብርን ማዋረድ፣ ያለ ትክክለኛ ፍርድ ቤት መቅጣት ክልክል ነው።

የቡሽ አስተዳደር በየካቲት 2002 ይህ አንቀጽ ለአልቃይዳና ለታሊባን እስረኞች አይሠራም ብሎ ወሰነ። እስረኞቹ በሰብዓዊነት ይያዙ አለ፤ ነገር ግን "ወታደራዊ አስፈላጊነት እስከፈቀደ ድረስ" የምትል ሐረግ ጨመረበት። በኔ እምነት ከዚያ በኋላ የመጣው ጉድ ሁሉ የሾለከው በዚያች ሐረግ በኩል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2006 ሃምዳን የሚባል እስረኛ ባቀረበው ክስ ውሳኔውን ገለበጠው። ከአልቃይዳ ጋር በሚደረገው ውጊያም የጋራ አንቀጽ 3 ይሠራል አለ።

እነሱ ሕግ አያከብሩም፤ ወታደሩ ለምን ያከብራል?

አንቀጹ "ጠላትህ ካከበረ አክብር" አይልም። ጠላት የያዘውን ሰው አንገት ቢቀላ እንኳ የወታደሩ ግዴታ ባለበት ይቆያል። ይህ ለብዙ ሰው የማይዋጥ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። ትናንት ጓደኛውን በፈንጂ ያጣ የ20 ዓመት ልጅ ፊት ቆሞ ይህንን መናገር ቀላል አይደለም።

ሌላም መታወስ ያለበት ነገር አለ። የተያዘው ሰው "እነሱ" ከሚባሉት ውስጥ ስለመሆኑ በምን ይታወቃል? የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ በየካቲት 2004 ኢራቅ ውስጥ ለነበረው፣ በአሜሪካ ለሚመራው ጥምር ኃይል ባቀረበው ሪፖርት አንድ ነገር አስፍሯል። የጥምር ኃይሉ የመረጃ መኮንኖች ራሳቸው በኢራቅ ከታሰሩት ሰዎች ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት በስህተት የተያዙ እንደሆኑ ነግረውታል። ሽምቅ ተዋጊ ዩኒፎርም አይለብስም። ሌሊት በር ሰብረህ ስትገባ የምታገኘው አባወራ ተዋጊም ሊሆን ይችላል፣ ዳቦ ጋጋሪም።

ወታደር ሰው ሲይዝ መጀመሪያ ምን ያደርጋል?

የአክስቴ ልጅ ሥልጠና ላይ በቃሉ ያጠናውን ነገረን። ይፈትሸዋል። ከሌሎች እስረኞች ጋር እንዳይነጋገር ያደርጋል። ለያይቶ ያስቀምጣል። ከጥቃት ይጠብቀዋል፤ ከራሱ ጓደኞች ጥቃት ጭምር። ከውጊያው ቦታ ቶሎ ወደ ኋላ ይልከዋል። በመጨረሻም ካርድ ያስርለታል።

ካርዷ ሦስት ክፍል አላት። አንዱ እስረኛው ላይ ይንጠለጠላል፣ አንዱ የያዘው ክፍል ጋ ይቀራል፣ አንዱ ንብረቱ ላይ ይታሰራል። መቼ፣ ስንት ሰዓት፣ የት፣ በየትኛው ክፍል፣ እንዴት እንደተያዘ ይጻፍባታል። ተራ ወረቀት ትመስላለች። ግን ካርድ የተጻፈለት ሰው "አላየነውም" ተብሎ አይጠፋም። ሲረከቡት ጤነኛ ከነበረ፣ ሲያስረክቡት ደግሞ የጎድን አጥንቱ ከተሰበረ፣ በመሃል በማን እጅ እንደነበረ ይታወቃል።

በምርመራ ምን ይፈቀዳል? ምን ይከለከላል?

በታህሳስ 2005 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በመከላከያ ሚኒስቴሩ እጅ ያለ ማንም ሰው ከጦሩ የምርመራ መመሪያ ውጪ በሆነ ዘዴ እንዳይመረመር ከለከለ። ሐሳቡን ያመነጩት ሴናተር ጆን ማኬይን ናቸው። እሳቸው ራሳቸው ቬትናም ውስጥ ከአምስት ዓመት በላይ ታስረው ተሰቃይተዋል። ሴኔቱ 90 ለ9 ነው የደገፈው።

አዲሱ መመሪያ በመስከረም 2006 ወጣ። ማግባባት፣ ማባበል፣ ኩራቱን መንካት፣ "ሁሉንም እናውቃለን" ማለት ይፈቀዳል። መርማሪው ሊያታልለውም ይችላል። ልብስ አስወልቆ ማቆም፣ ጭንቅላት ላይ ከረጢት ማጥለቅ፣ ዓይንን በፕላስተር መለጠፍ፣ መደብደብ፣ በኤሌክትሪክ መንዘር፣ ማቃጠል፣ ውሃ አፍስሶ ማፈን፣ በውሻ ማስፈራራት፣ ለብርድ ወይም ለሙቀት ጉዳት ማጋለጥ፣ የሐሰት ግድያ ማስመሰል፣ ምግብ ውሃና ሕክምና መከልከል በስም ተጠርተው ታግደዋል።

መመሪያው ለሚያመነታ መርማሪ ሁለት ጥያቄዎች አስቀምጧል። ጠላት ይህንኑ በአንተ ጓደኛ ላይ ቢያደርገው ተበደለ ትላለህ? ይህን ማድረግህ ሕግ ወይም ደንብ ያስጥስሃል? ለአንዱ እንኳ መልሱ "አዎ" ከሆነ ተወው። የመጀመሪያዋን ጥያቄ በጣም እወዳታለሁ። ሕግ ያልተማረ ሰውም ይመልሳታል።

ሊፈነዳ የተቃረበ ቦምብ ቢኖርስ?

ቡናው ላይም ክርክሩን ያሟሟቀው ይኸው ነው። ሁሉም ሰው እንደ ምናብ ያነሳዋል። እኔ ግን በእውነት የሆነ ታሪክ አለኝ።

ነሐሴ 2003፣ ኢራቅ፣ ታጂ አካባቢ። የአሜሪካ ጦር ሌተና ኮሎኔል የነበረው አለን ዌስት ሰዎች ሊገድሉት እንዳሴሩ ወሬ ደረሰው። በሴራው ተጠርጥሮ አንድ ኢራቃዊ ፖሊስ ተያዘ። ወታደሮቹ ደበደቡት። አልናገርም ሲል ዌስት ሽጉጡን አውጥቶ ጭንቅላቱ አጠገብ ተኮሰ። ሰውዬው ስም መጥራት ጀመረ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ይኸው፣ ሠራ" ይላል። ከዚያስ? በተሰጠው ስም ቤት ተፈተሸ፣ ሰው ተያዘ፤ የሴራው ማስረጃ ግን አልተገኘም። ፖሊሱም ያለ ክስ ተለቀቀ። በኋላ ለጋዜጠኛ ሲናገር፣ ከፍርሃቱ የተነሳ የመጣለትን ስም እንደተናገረ ገለጸ። ሽጉጥ ጆሮው ሥር የጮኸበት ሰው የሚያወራው ጩኸቱ እንዲቆም ነው። እውነቱን ባያውቅም ያወራል።

ዌስት ለጦር ፍርድ ቤት ሳይቀርብ በአስተዳደራዊ ቅጣት 5,000 ዶላር ተቀጥቶ በጡረታ ወጣ። በ2010 ደግሞ ፍሎሪዳ ለኮንግረስ መረጠችው። ወታደሮቹን ለማዳን ብሎ እንዳደረገው ሁልጊዜ ይናገራል፤ ይህን ማሰቡን አልጠራጠርም። ሕጉ ግን ለሐሳብ ቅንነት ብሎ በር አልከፈተም። የተባበሩት መንግሥታት የፀረ ማሰቃየት ስምምነት ጦርነትም ሆነ አስቸኳይ ጊዜ ለማሰቃየት ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይደነግጋል።

ሳይመቱ ማቆም፣ እንቅልፍ መከልከል ምን ችግር አለው?

ይህንን ጥያቄ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የባሃ ሙሳን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ባሃ ሙሳ የ26 ዓመት ወጣት ነበር። ባስራ ውስጥ አንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ሆኖ ይሠራል። ሚስቱ በካንሰር ሞታበት ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሳድጋል። መስከረም 14 ቀን 2003 የእንግሊዝ ወታደሮች ሆቴሉን ፈትሸው መሣሪያ አገኙና እሱን ከሌሎች ሠራተኞች ጋር ወሰዱት። ጭንቅላቱ ላይ ከረጢት አጠለቁበት። እጁን በፕላስቲክ ካቴና አስረው፣ ጉልበቱን አጥፈው፣ እጁን ወደፊት ዘርግቶ እንዲቆም አደረጉት። እንቅልፍ ከለከሉት። ያ "ትንሽ ማስጨነቅ" የሚባለው ነው።

ግን ደክሞት እጁ ሲወርድ ምን ይሁን? ጠባቂው መትቶ ያስነሳዋል። ሙቀቱ ከባድ ነበር። እስረኞቹ ሲቃትቱ አንድ አስር አለቃ ተራ በተራ እየመታ የሚያወጡትን ድምፅ "መዘምራን" ብሎ ለሚመጣው ሰው ያሳይ ነበር። ባሃ ሙሳ ከተያዘ ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ ሞተ። ሰውነቱ ላይ 93 ጉዳቶች ተቆጠሩ።

የሚያንገበግበው ደግሞ ነገሩ ከዚያ 31 ዓመት ቀደም ብሎ የታገደ መሆኑ ነው። የእንግሊዝ ጦር በ1971 ሰሜን አየርላንድ ውስጥ በእስረኞች ላይ አምስት ዘዴዎችን ተጠቅሞ ነበር፦ ከረጢት ማጥለቅ፣ ግድግዳ ተደግፎ ማቆም፣ ጆሮ የሚያደነቁር ድምፅ፣ እንቅልፍ መከልከል፣ ምግብና ውሃ መቀነስ። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ሂዝ በመጋቢት 1972 ፓርላማ ቆመው ዳግም ለምርመራ እንደማይውሉ ቃል ገቡ። በ1978 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ዘዴዎቹን ኢሰብዓዊና አዋራጅ አላቸው። እገዳው ግን ቀስ በቀስ ከመመሪያና ከሥልጠና ወጣ። ጦሩ ባስራ ሲደርስ የሚያስታውሰው ሰው ጠፍቶ ነበር። በ2011 የወጣው የሰር ዊሊያም ጌጅ ምርመራ የመከላከያ ሚኒስቴሩን በተቋም ደረጃ ወቀሰው። ሕግ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጦ ወታደሩ ጋ ካልደረሰ የሚሆነው ይህ ነው።

ተፈላጊው ቢያመልጥ ሚስቱን ወይም ልጁን ማሰር ይቻላል?

በፍጹም። እሱ እጁን እንዲሰጥ ሲባል ዘመድን ማሰር በመያዣነት ማገት ነው። አንቀጽ 3 በስም ጠርቶ ይከለክለዋል።

ኢራቅ ውስጥ አብድ ሃሜድ ሞውሁሽ የሚባል የሳዳም ጦር ጄኔራል ነበር። ልጆቹ ስለታሰሩ ሊያስፈታ በኅዳር 2003 በገዛ እግሩ ወደ አሜሪካ ጦር ሰፈር ሄደ። እዚያው ቀረ። ከሁለት ሳምንት በኋላ መርማሪው የመኝታ ከረጢት ውስጥ ከትቶ፣ በኤሌክትሪክ ገመድ ጠፍሮ፣ ደረቱ ላይ ተቀመጠበት። ታፍኖ ሞተ። መጀመሪያ የተሰጠው መግለጫ የተፈጥሮ ሞት ነው የሚል ነበር። መርማሪው በ2006 በቸልተኝነት መግደል ጥፋተኛ ተባለ። ቅጣቱ 6,000 ዶላር፣ ወቀሳና ለ60 ቀን ከቤቱ፣ ከሥራውና ከቤተ ክርስቲያኑ በስተቀር የትም እንዳይሄድ መገደብ ነበር።

አለቃ ካዘዘስ?

"ታዝዤ ነው" የሚለው መከላከያ ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ጠባብ ግን ነው። በአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ ትዕዛዙ ሕገወጥ እንደሆነ ካወቅክ፣ ወይም ጤናማ አስተሳሰብ ያለው ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚችል ከሆነ፣ ትዕዛዙ አያድንህም። ኢራቅ ውስጥ በአሜሪካ ጦር ሥር በነበረው በአቡ ግራይብ እስር ቤት እስረኞችን ያሰቃየው ጠባቂ ቻርልስ ግሬነር በጥር 2005 ይህንኑ ተከራክሮ ተሸነፈ፤ 10 ዓመት ተፈረደበት።

አለቃውም አያመልጥም፤ ቢያንስ በሕጉ። ያዘዘ ብቻ ሳይሆን እያወቀ ያላስቆመ አዛዥም ይጠየቃል።

ያየ ወታደር ምን ያድርግ?

ይናገር። ለአለቃው፣ አለቃው ካለበት ለበላዩ፣ ለወታደራዊ ወንጀል መርማሪ፣ ለጦሩ ጠበቃ፣ ለቄሱም ቢሆን።

አቡ ግራይብን ዓለም ያወቀው ጆ ዳርቢ በሚባል ተራ ወታደር ነው። እስረኞቹ ሲዋረዱና ሲሰቃዩ የሚያሳዩ ፎቶዎች ያሉበት ሲዲ እጁ ገባ። ቀናት ሲያብሰለስል ቆየ፤ የሚያጋልጣቸው አብረውት የሚበሉ ልጆች ናቸው። በጥር 2004 ሲዲውን ለመርማሪዎች ሰጠ። አገሩ ሲመለስ በገዛ ከተማው መኖር አልቻለም፤ ከሃዲ ተባለ።

ሻምበል ኢያን ፊሽባክ ደግሞ እስረኛ እንዴት መያዝ እንዳለበት ግልጽ መልስ ፍለጋ 17 ወር አለቆቹን ጠየቀ። መልስ ሲያጣ በመስከረም 2005 ለማኬይን ደብዳቤ ጻፈ። ከላይ ያነሳሁት ሕግ እንዲወጣ ከገፉት ነገሮች አንዱ ያ ደብዳቤ ነው።

ዝም የሚለው ግን ይበዛል። በኢራቅ በነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ላይ የተደረገ የጦሩ የራሱ ጥናት፣ ጓዱ ንጹሕ ሰው ቢጎዳ ወይም ቢገድል አጋልጣለሁ ያለው ከምድር ጦሩ 55 በመቶ፣ ማሪን ከሚባሉት የባሕር ኃይል እግረኞች 40 በመቶ ብቻ መሆኑን አሳየ። በኢራቅ የጦሩ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ዴቪድ ፔትሬየስ ይህንን አንብበው በግንቦት 2007 ለወታደሮቻቸው ሁሉ ደብዳቤ ጻፉ። ማሰቃየት ይጠቅማል የሚሉ ተሳስተዋል፣ ሕገወጥም ነው አሉ።

ለአገሩ ፖሊስ ወይም ጦር አስረክቦ መገላገልስ?

እንደሚሰቃይ እየታወቀ ማስረከብ ክልክል ነው። በ2011 የተባበሩት መንግሥታት ሪፖርት በአፍጋኒስታን እስር ቤቶች ማሰቃየት መኖሩን ካሳየ በኋላ የኔቶ ጦር ወደ በርካታ እስር ቤቶች ሰው ማስተላለፍ አቁሟል።

ያጠፉት በእርግጥ ተቀጥተዋል?

እውነቱን ለመናገር፣ ከጥፋቱ ጋር የሚመጣጠን ቅጣት ጥቂት ነው። በአቡ ግራይብ 11 ወታደሮች ጥፋተኛ ተባሉ። እስር የገባ መኮንን ግን የለም። በባሃ ሙሳ ጉዳይ የታሰረው አስር አለቃው ብቻ ነው፤ አንድ ዓመት።

ዲላዋር የሚባል አፍጋናዊ የታክሲ ሹፌርም ነበር። 22 ዓመቱ ነው። በታህሳስ 2002 ባግራም በነበረው የአሜሪካ ጦር እስር ቤት ውስጥ እጁ ከጣሪያ ጋር ታስሮ፣ እግሩን እየተመታ ሞተ። በደርግ ዘመን ወፌ ላላ የተገረፈ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሲሰማ የሚመጣበትን አውቃለሁ። የመጨረሻው ምርመራ ላይ ሲደርስ፣ ከመርማሪዎቹ አብዛኞቹ ንጹሕ ሰው ነው ብለው አምነው ነበር። በእሱ ሞት ሰበብ ከጥቂት ወራት በላይ የታሰረ ወታደር የለም።

ስለዚህ "ሕጉ አለ" ስላችሁ "ሕጉ ይሠራል" እያልኩ አይደለም። ግን ሕጉ ባይኖር ያ የባስራው አስር አለቃም አይከሰስም ነበር።

የኢትዮጵያ ሕግስ ምን ይላል?

ኢትዮጵያ የጄኔቫ ስምምነቶችን በ1969 ተቀብላለች። የፀረ ማሰቃየት ስምምነቱን ደግሞ በ1994። ስለዚህ የጋራ አንቀጽ 3 እኛንም ያስራል፤ በመንግሥት ወገን ያለውንም፣ በአማፂ ወገን ያለውንም።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ላይ ጭካኔን፣ ኢሰብዓዊና አዋራጅ አያያዝን ይከለክላል። አንቀጽ 19 በማስገደድ የተገኘ ማስረጃ ተቀባይነት እንደሌለው ይናገራል። ብዙ ሰው የማያውቀው አንቀጽ 93 ነው። አስቸኳይ ጊዜ ታውጆ ብዙ መብት ቢገደብ እንኳ አንቀጽ 18 ሊነካ አይችልም። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ከአንቀጽ 270 ጀምሮ የጦር ወንጀሎችን ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 272 በምርኮኞችና በታጎሩ ሰዎች ላይ የሚፈጸመውን ይመለከታል።

ዘመዴ በጦርነት ቦታ ተይዟል፤ የት እንዳለ አላውቅም። ምን ላድርግ?

ወደ ቀይ መስቀል ሂዱ። የዓለም አቀፉ ኮሚቴ ከኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ጋር ሆኖ የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ይፈልጋል። በውጭ የምትኖሩም ባላችሁበት አገር ያለውን ቀይ መስቀል ጠይቁ፤ በእስራኤል ማገን ዳቪድ አዶም ይባላል። አገልግሎቱ ነፃ ነው፣ ክፍያ የሚጠይቃችሁ ካለ አትመኑት።

ሙሉ ስሙን ከነአያቱ፣ የእናቱን ስም፣ የትውልድ ዘመኑን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታና ቀን ጽፋችሁ ያዙ። በቅጽል ስም የሚጠራ ከሆነ እሱንም ጨምሩ። ከተገኘና እስር ቤቱ ከፈቀደ የቀይ መስቀል መልእክት ትጽፉለታላችሁ። ደብዳቤው ሳይታሸግ ስለሚሄድ ጠባቂዎቹ ያነቡታል። የቤተሰብ ወሬ ብቻ ይሁን፦ እናትህ ደህና ናት፣ ልጅህ ትምህርት ጀመረ፣ ላሟ ወለደች።